ጉቶውን አይመንጥሩት፣ ደንዎ እዚያ ውስጥ ነው

ከደቡብ ወሎ አንድ አባት በልጃቸው እጅ ይህን ጽፈውልኛል፦ «ከቤቴ በላይ ግማሽ ሄክታር የምትሆን ቁልቁለት አለችኝ። አራት ክረምት ችግኝ ተከልኩባት። ቦታውን መንጥሬ፣ ንጹህ አድርጌ ነው የምተክለው። እስከ ኅዳር ደህና ይቆያል። አዝመራ ከተነሳ በኋላ ግን የለም። ሬዲዮው አፍሪካ ደኗን እየመለሰች ነው ይላል፣ የእኔ መሬት ግን ራቁቱን ነው። የቱ ችግኝ ይሻለኛል?»

ጋሼ፣ ችግኙን አይክሰሱት። የጠየቁኝ ስለ ችግኝ ዓይነት ነው፣ መልሱ ግን እዚያው ደብዳቤዎ ውስጥ አለ።

«እስከ ኅዳር ደህና ይቆያል» ብለዋል። ውሃ ያጠረው ችግኝ ቀስ እያለ ነው የሚሞተው። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይረግፋል፣ ደረቅ እንጨቱ ግን እስከ በልግ ቆሞ ይታያል። እርስዎ «ደረቀ» አላሉም፣ «የለም» ነው ያሉት። አዝመራ ሲነሳ ከብቱም ፍየሉም ይለቀቃል። ምስጥ ወይም የአፈር መሳሳት ሊታከልበት ይችላል፤ እኔ ግን ጣቴን የምቀስረው ልቅ ግጦሹ ላይ ነው። የትኛውንም ችግኝ ቢያመጡ መጨረሻው ያው ነው።

ሁለተኛው «መንጥሬ፣ ንጹህ አድርጌ» ያሉት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣዎት። በየሄድኩበት ወረዳ የማየው ነገር ነው። ሰኔ ሲገባ ጉድጓድ ለመቆፈር ተብሎ ቁጥቋጦው ሁሉ ይጨፈጨፋል። እኛ ባለሙያዎችም የተተከለውን ቁጥር እንጂ የተመነጠረውን ስለማንጠየቅ፣ ቆመን አይተናል። ያ ቁጥቋጦ እኮ አብዛኛው ዛፍ ነው! ከላይ ስለተቆረጠ ነው ያጠረው። ከመሬት በታች የብዙ ዓመት ሥር አለው፣ ድርቁን ችሎ የሚኖረውም በእሱ ነው። ስንዝር ሥር ላለው ችግኝ ብለው ይህን ነቅለው መጣል የለብዎትም።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድም ችግኝ አይግዙ። መጥረቢያና የተሳለ ማጭድ ይበቃዎታል። አዝመራው ገብቶ እጅዎ ሲፈታ፣ ጥር ላይ ይሁን፣ ቁልቁለቷን ከልጅዎ ጋር ቀስ ብለው ይዙሯት። ፍየል እየቆረጠማቸው ከመሬት ያልተነሱ ጉቶዎችን ይፈልጉ። ወይራ፣ ብሳና፣ ዋንዛ፣ ክትክታ ከጉቶ ያቆጠቁጣሉ። ጥድ ግን ከተቆረጠ አይመለስም፣ የጥድ ጉቶ ካዩ ይለፉት። በሕይወት ያለው ጉቶ ላይ ሁሉ ቁራጭ ጨርቅ ይሰሩበት፣ ልጆችም እረኞችም እንዲያውቁት።

ከአንድ ጉቶ ሃያ ቀንበጥ ሊወጣ ይችላል። ሁሉም አንድ ሥር ላይ ይሻማሉ፣ አንዱም ከፍ የማይለው ለዚህ ነው። ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ከሦስት እስከ አምስት ይተዉ፣ ሌላውን ከሥሩ ይቁረጡ። ከተዉአቸውም ላይ የጎን ቅርንጫፉን ከታች ጀምረው እስከ ቁመታቸው እኩሌታ ያንሱላቸው። ከዚያ በላይ አይውጡ፣ ቅጠል ያጣ ዛፍ ምግቡን ከየት ያመጣል? ስለቱን ከታች ወደ ላይ ይሰንዝሩ፣ ልጡ እንዳይገሸለጥ። የተቦጫጨቀ ቁስል ይበሰብሳል።

የቆረጡትን እሾሃማ ቅርንጫፍ ጉቶው ዙሪያ ይከምሩት፣ የፍየል አፍ እንዳይደርስ። የቀረው ለምድጃ ነው። ከዚያ በየሁለት ሦስት ወሩ ብቅ እያሉ አዲስ የሚወጣውን ቀንበጥ ይልቀሙ። በሁለተኛው ዓመት ከአምስቱ አንዱን ለማገዶ ያንሱ፣ በሦስተኛው ሌላውን። እንዲህ እያደረጉ እያንዳንዱ ጉቶ ላይ አንድ ወይም ሁለት ግንድ ይተዋሉ። እየማገዱም እያሳደጉም ነው።

አጋሙንና ደደሆውንም አይንኩት። ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ ዘሩን ከቁጥቋጦው ሥር ትጥላለች። ቡቃያውም ከፀሐይና ከፍየል ተጠልሎ እዚያ ያድጋል። በነጻ የሚሠራልዎት ሞግዚት ነው።

ከብቱስ? ቁልቁለቷ ላይ አይለቀቅ፣ ሣሩን አጭደው ይስጡት። ግጦሽ ሲቀር መጀመሪያ የሚነሳው ሣሩ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ የሚያጭዱት ያገኛሉ። የጎረቤት ከብት ግን ለብቻዎ አይመለስም። ቅሬ (ዕድር) ላይ ያንሱት። ጉዳዩ የሁላችሁም ነው፣ ከእርስዎ ቁልቁለት የሚወርደው ጎርፍ የታችኛውን ሰው ማሳ ነው የሚያጥበው።

ሬዲዮው የሚለውን አይናቁት። እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ አገሮች እስከ 2030 ድረስ 100 ሚሊዮን ሄክታር የተራቆተ መሬት ለመመለስ ዕቅድ ይዘው ተነስተዋል። የኛ አገር ድርሻ 15 ሚሊዮን ሄክታር ነው። ይህን ያህል መሬት በችግኝ ብቻ እንሸፍናለን ብዬ አላምንም። ኒጀርን ይመልከቱ። ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ ማራዲ በሚባለው አካባቢ ዓመታት ችግኝ ሲያስተክል አብዛኛው ሞተበት። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን መንገድ ዳር የቆመውን ቁጥቋጦ ልብ ብሎ ሲያየው፣ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ሆኖ አገኘው። አሁን ለእርስዎ የነገርኩዎትን ዘዴ ገበሬው ከገበሬ እየተማረ ወሰደው። በሃያ ዓመት ውስጥ 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ማሳ ዛፍ ለበሰ።

እዚያም ሕጉ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከቅኝ ግዛት በተወረሰው ሕግ ዛፉ የመንግሥት ነበር። ገበሬው ቀንበጥ ሲያይ «ነገ ያስቀጣኛል» እያለ ይመነጥረው ነበር። ባለሥልጣናቱ ቁጥጥሩን ሲያላሉ ነው ሰው ዛፉን እንደ ንብረቱ መጠበቅ የጀመረው። በኛም አገር ወላይታ ሁምቦ ላይ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ በዋናነት በዚሁ ዘዴ አገግሟል፣ ባለቤቶቹም የአካባቢው ሰዎች ያቋቋሟቸው ማኅበራት ናቸው።

የእኛ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን ያውቃል። ቁልቁለቷ በይዞታ ደብተርዎ ላይ መኖሯን ያረጋግጡ፣ ከሌለች የቀበሌውን የመሬት ባለሙያ ይዘው ያስመዝግቧት። ትልቅ አገር በቀል ዛፍ ከመቁረጥዎ በፊትም እሱኑ ይጠይቁ።

ጥር ላይ ስንት ጉቶ እንደቆጠራችሁ ልጅዎ ይጻፍልኝ። ጉቶ የሌለበት ሰፊ ባዶ ቦታ ከተገኘ፣ እዚያ ላይ የትኛው ችግኝ እንደሚሻል ያኔ እንነጋገራለን።