መልስ፦ ቤተ ሙከራ ሳይኖር የተግባር ሳይንስ ማሰልጠን

ሰላም እህቴ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ቤተ ሙከራ ከሌላቸው ትምህርት ቤቶች የሚመጡ መምህራንን የተግባር ሳይንስ እንዴት ላሰልጥን ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ውሃ በማፍላት ጀምሪ እላለሁ።

መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል። ደብረ ብርሃን ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃው ወደ 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል። መጀመሪያ ግምታቸውን ይጻፉ። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ራሳቸው ያንብቡ። "ተበላሽቷል" የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ መልሱን እንዳትነግሪያቸው! "እንዴት እናጣራ?" ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። በሌላ ቴርሞሜትር ይሞክሩ። ከሸዋ ሮቢት የመጣ መምህር ካለ ደግሞ ሲመለስ ለክቶ ይደውል። እዚያ ቆላ ስለሆነ ወደ 96 ይጠጋል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ፣ ውሃም ባነሰ ሙቀት እንደሚፈላ ያኔ ነው የሚገባቸው። ደጋ ላይ ባቄላ ለምን ቶሎ እንደማይበስልም ራሳቸው ይደርሱበታል።

ለውይይቱ ከሙከራው ያላነሰ ሰዓት ስጪ። ብዙ አሰልጣኝ ይዘለዋል፤ እኔም ዘልዬው ተቆጭቻለሁ። መምህሩ ክፍሉ ገብቶ የሚደግመው የጠየቅሽበትን መንገድ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው፤ ምድጃ፣ ድስትና እስከ 110 የሚያነብ የአልኮል ቴርሞሜትር። የሜርኩሪውን ተዪው፣ ከተሰበረ መርዝ ነው።