የጃፓን ባህላዊ ማረፊያና ፍል ውሃው፦ ጥያቄና መልስ

ርዮካን በሚባለው የጃፓን ባህላዊ ማረፊያ ለማደር ያሰባችሁ የጠየቃችሁት ከነመልሱ ይኸው። ሰዓቱን የጻፍኩት እዚያ በሚነበበው ነው፤ 15፡00 ማለት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ አልጋ እንኳ የሌለው ቤት ለአንድ ሌሊት ይህን ያህል የሚያስከፍለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ዋናው ክፍያ ለእራቱና ለውሃው ነው፤ መኝታው ተከትሎ ይመጣል። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ እራትና ቁርስም አብሮ ይቆጠራል። ደህና ከሚባሉት ብዙዎቹ በሰው ከ30,000 እስከ 60,000 የን ይጠይቃሉ፤ ባልና ሚስት ከሆናችሁ በሁለት አባዙት። ስለ አልጋው አትስጉ። እራት ላይ ሳላችሁ ሠራተኞች ገብተው ፉቶን የተባለውን ፍራሽ ታታሚው ላይ፣ ማለትም ከቄጠማ መሰል ሣር በተሠራው ወለል ላይ ያነጥፉላችኋል።

ጥያቄ፦ ባቡራችን የሚያደርሰን 20፡00 ላይ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። እራቱ ካይሴኪ ይባላል፤ ጥሬ ዓሣው፣ ሾርባው፣ ጥብሱ፣ ቅቅሉ በትንንሽ ሳህን ተራ በተራ ይቀርባል፣ ሩዙ መጨረሻ ይመጣል። ወጥ ቤቱ ለ18፡00 ወይም ለ18፡30 አስልቶ ስለሚያዘጋጀው፣ ያረፈደ እንግዳ ብዙ ጊዜ እራቱን ያጣል፤ ገንዘቡም አይመለስለትም። እንግዳ መቀበል የሚጀመረው 15፡00 ላይ ስለሆነ በዚያው ሰዓት ድረሱ። ከእራት በፊት፣ ከመኝታ በፊትና ጠዋት ከቁርስ በፊት ሦስቴ ውሃው ውስጥ መግባት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። መውጫው 10፡00 ወይም 11፡00 ነው።

ጥያቄ፦ ጾመኛ ነኝ። ሥጋ አልበላም ብል ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። ሥጋውን አንስተው ዓሣ ይተኩልሻል። ዓሣውን ቢተዉልሽ እንኳ ሾርባውም፣ አትክልቱ የተቀቀለበትም ዳሺ ነው፤ ዳሺ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂ የሚወጣ መረቅ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ስትይዢ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና የዓሣ ዳሺ እንደማትበዪ አንድ በአንድ ጽፈሽ አሳውቂ። ብዙዎቹ አንችልም ይላሉ፤ ይህን እራት ቀርቦ ከመስማት አስቀድሞ መስማት ይሻላል። ለጾም የሚመቸው የኮያ ተራራ የቡድሃ ገዳማት ማረፊያ ነው። የመነኮሳቱ ምግብ፣ ሾጂን ርዮሪ፣ ሥጋም ዓሣም የለበትም፤ ፍል ውሃ ያላቸው ግን ጥቂት ናቸው። ሙስሊም የሆናችሁ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ባይኖርም ስጎው ውስጥ ሚሪንና ሳኬ እንደሚገቡ እወቁ፤ ሁለቱም አልኮል አላቸው።

ጥያቄ፦ ፍል ውሃው ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?

መልስ፦ በሩ ላይ መጋረጃ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊው የወንዶች፣ ቀዩ የሴቶች ነው። ሌሊቱን ሁለቱን ገንዳዎች የሚያቀያይሩ ቤቶች ስላሉ፣ ማታ የገባችሁበት በር ጠዋት የሌላው ፆታ ሊሆን ይችላል። በገባችሁ ቁጥር መጋረጃውን እዩ።

ልብሳችሁን በሙሉ አውልቃችሁ ቅርጫት ውስጥ አኑሩ። ትልቁ ፎጣ እዚያው ይቆያል፤ ትንሿን ብቻ ይዛችሁ ግቡ። የብር ጌጥ አውልቁ፣ ድኝ ያለበት ውሃ ያጠቁረዋል። ከዚያ ዝቅተኛው በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ በሳሙና ታጠቡ፣ አረፋውን እስከ መጨረሻው አለቅልቁ፣ በርጩማውንም አጥባችሁ ተዉት። ፀጉር ውሃው ውስጥ አይነከርም፤ ሹሩባም ቢሆን ከፍ ተደርጎ ይታሰራል፣ ቅቤ ወይም ቅባት ካለው አስቀድሞ ይታጠባል። ትንሿን ፎጣም አጥፋችሁ ራሳችሁ ላይ ወይም ዳር አስቀምጧት እንጂ አትንከሯት።

ውሃው ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ነው። መጀመሪያ እግራችሁ ላይ አፍስሱ፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ዳር ላይ አረፍ በሉ። ሙቀቱ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ብድግ ሲሉ የሚያዞረው ለዚህ ነው። ከመጠጥ በኋላ ፈጽሞ አትግቡ። ስትወጡ በትንሿ ፎጣ ገላችሁን አደራርቁና ወደ ልብስ ክፍሉ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ከማላውቀው ሰው ጋር ራቁቴን መግባት አልችልም። አዲስ አበባ ፍል ውሃ እንደለመድነው ለብቻ የሚዘጋ የለም?

መልስ፦ አለ። ካሺኪሪ የተባለውን የግል ገንዳ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ለ45 ወይም ለ50 ደቂቃ ይሰጣል፣ ቶሎ ስለሚያዝ እንደደረሳችሁ አስመዝግቡ። የራሱ ገንዳ ያለው ክፍል ከያዛችሁ ግን ውሃው ከምንጩ ነው ወይስ ከቧንቧ ብላችሁ አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው ሕግ ኦንሰን፣ ማለትም የተፈጥሮ ፍል ውሃ፣ ለመባል ውሃው ከምንጩ ሲወጣ ቢያንስ 25 ዲግሪ መሞቅ ወይም ከተዘረዘሩት ማዕድናት አንዱን በተወሰነው መጠን መያዝ አለበት። የሞቀ የቧንቧ ውሃ ያን ስም አያገኝም።

ጥያቄ፦ እናቴ አንገቷና ግንባሯ ላይ ንቅሳት አላት። ይከለክሏታል?

መልስ፦ ሊከለክሏት ይችላሉ። እዚያ ንቅሳት ከወንበዴ ቡድኖች ጋር ይያያዛል፤ የእናቶቻችንን መስቀል ከዚያ የሚለይ ደንብ የለም። ትንሽ ከሆነ ቆዳ በሚመስል ልጥፍ ይሸፈናል፤ የግንባርና የአንገት ስለማይመች የግል ገንዳ ያዝላት። ወይም ኪኖሳኪ ወደምትባለው የፍል ውሃ ከተማ ውሰዳት፤ በሕዝብ መታጠቢያዎቿ ንቅሳት አይከለከልም፣ ከተማዋ ውስጥ ላደረ እንግዳም መግቢያው ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ዩካታውን፣ ማረፊያው የሚሰጠውን ቀለል ያለ የጥጥ ካባ፣ ስለብስ የቱ ጎን ከላይ ይሁን?

መልስ፦ ግራው ከላይ። ቀኙን ከላይ የሚያደርጉት ለአስከሬን ነው። ጫማችሁን በር ላይ ተዉ፤ ለኮሪደሩ የተሰጣችሁን ነጠላ ጫማም ታታሚ ከመርገጣችሁ በፊት አውልቁ። የሽንት ቤቱ ነጠላ ጫማ ሌላ ነው፤ ረስታችሁት ይዛችሁት እንዳትወጡ።

ጥያቄ፦ ጉርሻስ?

መልስ፦ አይጠበቅባችሁም። መስጠት ከፈለጋችሁ ግን እንደገባችሁ አዲስ ኖት በፖስታ አድርጋችሁ ክፍላችሁን ለምታስተናግደዋ በሁለት እጅ ስጡ።