ጉበቱ ላይ ስብ ተገኘ፣ ልቡን ለምን ይመረምሩታል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የ46 ዓመቱ ባለቤትሽ ለሆድ ሕመም ሄዶ በአልትራሳውንድ ጉበቱ ላይ ስብ ታየ፣ ሐኪሙ ግን የጉበት መድኃኒት በመስጠት ፈንታ የኮሌስትሮል ኪኒን አዘዘለት፣ በዛ ላይ የልብ ምርመራ ጨመረበት። «ጉበትና ልብን ምን አገናኛቸው? ኪኒኑስ ጉበቱን ጭራሽ አይጎዳውም ወይ?» ነው ያልሽው።

ሐኪሙ ልክ ነው። ኪኒኑን እንዳያቆም። ለምን እንደዚህ አፌን ሞልቼ እንደምናገር ልንገርሽ፤ አንቺ ሰው የጠየቅሽውን ጥያቄ እኔ ማንንም ሳልጠይቅ ለራሴ መልሼ ነው የተጎዳሁት።

49 ዓመቴ ላይ እንደ ባለቤትሽ ለሌላ ነገር ሄጄ ነው የተገኘብኝ። ወረቀቱ ላይ «ደረጃ አንድ» (ቀላሉ የስብ ደረጃ) የሚል ተጽፏል። ትራይግሊሰራይዴ (ደም ውስጥ የሚዞረው ስብ) 260 ነበር፣ ከፍ ያለ ነው። ሐኪሙ ክብደት ቀንስ አለኝና ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል ኪኒን አዘዘልኝ። ቤት ገብቼ መድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ያለውን የታጠፈ ወረቀት ዘረጋሁት። ከዛ ሁሉ ጥቃቅን ጽሑፍ መሀል «ጉበት» የሚለውን ቃል እየፈለግኩ በእስክሪብቶ አሰመርኩበት። አራት ቦታ አገኘሁት። ጉበቴ ታሞ ጉበት የሚነካ መድኃኒት እንዴት እውጣለሁ አልኩና ካርቶኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ዓመት እዛው ተቀመጠ። በየስድስት ወሩ የጉበት ኢንዛይም (ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ብቻ እያስመረመርኩ፣ ቁጥሩ ትንሽ ሲወርድ ተመስገን እያልኩ ኖርኩ። ግፊቴን መቼ እንደተለካሁ ግን አላስታውስም ነበር።

52 ላይ ደረጃ ስወጣ ደረቴን ይጫነኝ ጀመር። ሕመም አልለውም። ሰው መዳፉን ደረቴ መሀል አሳርፎ ወደ ውስጥ የሚገፋኝ ነው የሚመስለው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይጀምረኛል፣ ሁለት ደቂቃ ቆሜ ሳርፍ ይለቀኛል። ጨጓራ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ፣ ባለቤቴ ናት ጎትታ የወሰደችኝ። አንደኛው የልቤ ደም ስር ክፉኛ ጠቦ ተገኘ፣ ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ገባልኝ። ከዛ በኋላ ጉበቴ በደንብ ሲመረመር ጠባሳ የለበትም። ሦስት ዓመት ሙሉ የፈራሁለት ጉበት ደህና ነበር፣ ዞር ብዬ ያላየሁት ልቤ ነው የተጎዳው።

ይሄ የኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። ጉበታቸው ላይ ስብ ካለባቸው ሰዎች መሀል ለሞት ቀዳሚው ምክንያት የልብና የደም ስር በሽታ ነው፣ ጉበት ራሱ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ጉበት ላይ ስብ ያለበት ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም፤ በዓለም ደረጃ ከአራት አዋቂ ቢያንስ አንዱ አለበት። ሐኪሞቹም በ2023 የበሽታውን ስም ራሱ ቀየሩት። ድሮ «ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ» ነበር የሚባለው፣ አሁን «ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ» ሆኗል፤ ሜታቦሊዝም ማለት ሰውነት ስብና ስኳርን የሚጠቀምበት ሂደት ነው። ያልሆነውን ትተው የሆነውን መናገራቸው ጥሩ ነው እላለሁ። ይሄን ስም ያኔ ሰምቼው ቢሆን ምናልባት ስለ ስኳሬና ስለ ግፊቴም አስብ ነበር።

አሁን ምን አገናኛቸው ወዳልሽው ልምጣ። የልብ ሐኪሜ ወረቀት ላይ እየሣለ ነው ያስረዳኝ። ጉበት ስብን ዝም ብሎ አያከማችም፣ እያሸገ ወደ ደም ይልካል። ሲበዛበት ብዙ ይልካል፣ ያኔ ትራይግሊሰራይድ ይጨምራል። ጥሩው ኮሌስትሮል ኤችዲኤል ይወርዳል። መጥፎው ኤልዲኤል ደግሞ ቅንጣቱ ትንንሽና ጥቅጥቅ ያለ ይሆንና የደም ስር ግድግዳ ውስጥ መግባት ይቀለዋል። በዛ ላይ በስብ የተሞላ ጉበት ኢንሱሊን «ስኳር መልቀቅ አቁም» ሲለው አይሰማም። ሌሊቱን ስኳር ሲለቅ ያድራል። ሳትበዪ ጠዋት የምትለኪው ስኳር ከፍ የሚለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ጉበቱ ሲቆጣ ደግሞ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን በብዛት ያመርታል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ የሚያርፈው ደም ስር ላይ ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በዘር የሚወረስ የጂን ልዩነት ያለባቸው ሰዎች አሉ፣ ጉበታቸው ስቡን ወደ ደም በደንብ አይለቀውም፣ እዛው ያግተዋል። የነሱ ጉበት ይጎዳል፣ የልባቸው አደጋ ግን በዛ ልክ አይጨምርም። ስለዚህ ልብን የሚጎዳው ስቡ ጉበት ላይ መቀመጡ ብቻ አይደለም፣ ከዛ ወጥቶ ደም ውስጥ የሚሠራው ሥራ ጭምር ነው። ብዙዎቻችን ላይ ደግሞ ጉበቱንም ልቡንም የሚያሳምመው ሥር አንድ ነው፦ ሆድ ላይ የተከማቸ ስብ፣ ኢንሱሊን አልሰማ ማለት፣ ግፊት። ቀጭን ሰውም ይይዘዋል፤ ባለቤትሽ ወፍራም አይደለም ብለሽ እንዳትዘናጊ።

ኪኒኑን በተመለከተ። ጉበት ላይ ስብ መኖር ስታቲን አይከለክልም፣ እንዲያውም እንደዚህ ዓይነቱ ሰው ብዙ ጊዜ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ አካባቢ ኢንዛይሙ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ ከጤነኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍ ካላለፈ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን አያስቆምም። ጉበቱ ክፉኛ ደክሞ ሆዱ ውሃ የሚቋጥር ሰው ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱን ሐኪሙ ለብቻው ያየዋል። ጡንቻውን ካመመው ወይ ሽንቱ ከጠቆረ ቶሎ ለሐኪሙ ይንገር። በራሱ ፈቃድ መሳቢያ ውስጥ እንዳይከተው ብቻ። በተቃራኒው «ጉበት ያጸዳል» እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትና እንክብል ነው ልትፈሪው የሚገባው፤ ከዕፅዋት የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም የሚባለው ውሸት ነው፣ ጉበት አቃጥሎ ሰው ሆስፒታል ያስተኛ አለ።

ቀጠሮው ላይ አብረሽው ግቢ። ግፊቱን፣ የጠዋት ስኳሩን ወይም የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር፣ ኮሌስትሮሉን በዝርዝር፣ የኩላሊት ምርመራም እንዲያዩለት ጠይቂ። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ እሱ ከሁሉም ይቅደም። መጠጥም ካለ ሁለቱንም ነው የሚጎዳው። ኢንዛይሙ ደህና ነው ቢሉሽ ስቡ ጠፍቷል ማለት አይደለም፣ ስብ እያለ ኢንዛይም ደህና ሊሆን ይችላል። የጉበቱን ጠባሳ ለመገመት ፊብ-ፎር የሚባል ቀላል ስሌት አለ። ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ ሁለቱ የጉበት ኢንዛይሞች ናቸው፣ ፕላትሌት ደግሞ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ቁጥር ነው። ዕድሜውን በኤስጂኦቲ ታባዢያለሽ፤ ከዛ ፕላትሌቱን በኤስጂፒቲ ስኩዌር ሩት አባዝተሽ የመጀመሪያውን ውጤት ለሁለተኛው ታካፍያለሽ። የኔ ዕድሜ 52፣ ኤስጂኦቲ 38፣ ፕላትሌት 210፣ ኤስጂፒቲ 49 ነበር፣ 1.34 ወጣ። ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው፣ ከ2.67 በላይ ከሆነ የጉበት ስፔሻሊስት ማየት አለበት። እኔ መሀል ላይ ስለወደቅኩ ጉበት ምን ያህል እንደጠጠረ የሚለካው ማሽን ላይ ተኛሁ። ሕመም የለውም፣ ጎንሽን ጠቅ ጠቅ ያደርግሻል፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ክብደት ላይ ብዙ አልልም፣ ሁሉም ሰው ያወራዋል። ቁጥሩን ብቻ ልስጥሽ። ከክብደቱ 5 በመቶ ሲቀንስ የጉበቱ ስብ ይቀንሳል፣ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ቁጣው ይበርዳል፣ ከ10 ሲያልፍ ጠባሳም ሊመለስ ይችላል። እኔ ከ91 ኪሎ 83 ለመድረስ 14 ወር ፈጀብኝ። ለስላሳና ጭማቂ አቆምኩ፣ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ። ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ያለኝ ወራትም ነበሩ፣ በነዛ ወራት እንኳ ግፊቴና ትራይግሊሰራይዴ ይወርዱ ነበር። በጣም ቶሎ እንዳይቀንስ፣ በሳምንት ከአንድ ኪሎ ብዙ ካለፈ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣበት ይችላል። አዲስ የተፈቀዱ መድኃኒቶችም አሉ፣ ሬስመቲሮም በ2024፣ ሴማግሉታይድ ደግሞ ለዚሁ በሽታ በ2025 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። ግን ጉበታቸው መቆጣት ጀምሮ ጠባሳ ላበጀ ሰዎች ናቸው፣ ጠባሳ ሳይኖር ጉበቱ ላይ ስብ ብቻ ላለበት ሰው ለዚህ በሽታ ተብለው አይሰጡም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ደረጃ ሲወጣ ደረቱን የሚጫነው ከሆነ፣ ወይ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ቀጠሮውን አትጠብቂ። ተቀምጦ እያለ ከጀመረውና ካልለቀቀው ደግሞ በዛው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው፣ ጨጓራ ነው ቢልሽም። እኔም እንደዛ ነበር የምለው።

የደም ውጤቱ ሲመጣ ፕላትሌቱንና ሁለቱን ኢንዛይሞች እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።