«ገንዘቡ ገብቷል» የሚል መልእክት

ጥያቄ፦ በባቲ ሰኞ ገበያ ሁለት ፍየል ሸጬ፣ ገዢው ዋጋውን በቴሌብር እንደላከልኝ ነገረኝ። ወዲያው መልእክት ደረሰኝ፤ ልጄ ስታነብልኝ መጠኑም ስሜም ትክክል ነበር። ማታ ስናይ ግን ምንም አልገባም። ከእንግዲህ ጥሬ ብር ብቻ ልቀበል?
አንድ አባት፣ ከባቲ

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ አንጀቴ ተቃጠለ። ሁለት ፍየል የስንት ወር ድካም ነው!

ገንዘቡ ከሒሳብዎ አልተሰረቀም፤ መጀመሪያውኑ አልተላከም። መልእክቱን ሰውየው ራሱ ጽፎት ይሆናል። ልጅዎ የላኪውን ቁጥር ትመልከት፤ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 እንጂ በ09 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር አይደለም። ለነገሩ መልእክት ማመን ራሱ ይቅርብዎ። የፍየሉን ገመድ ከእጅዎ ሳይለቁ *127# ደውለው ቀሪ ሒሳብዎን ይዩ፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ገዢው ከቸኮለ ይቸኩል።

ጥሬ ብር የሚለውን ሐሳብዎንም አልንቀውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየ ሰው፣ ያለውን ሁሉ ስልክ ውስጥ አያኖርም። መስመሩን የሚዘጋውም የሚከፍተውም እኛን አያማክረንም። እኔም ደሴ ከተማ ተቀምጬ የእህልና የመድኃኒት ብር ቤቴ ሳልይዝ አላድርም።

መልእክቱን አያጥፉት፤ ለፖሊስ ማስረጃ ነው። በቅሬያችሁ (በዕድራችሁ) ስብሰባም ሳያፍሩ ይናገሩ፤ ያ ሰው በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ሌላ አባት ሊሄድ ይችላል።