የማይክሮስኮፕ ምስል ትንተናን ብቻሽን አትማሪው

ጥያቄ፦ «በሕክምና ላብራቶሪ ዲግሪ ይዤ በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል እሠራለሁ። ከደም ስላይድ ላይ የማነሳቸውን ፎቶዎች በኮምፒውተር መተንተን ጀምሬ በጣም ወደድኩት። የምሠራው ግን ብቻዬን ነው፤ ብሳሳት የሚያርመኝ የለም። በዚህ ሙያ ለመቀጠል የውጭ ስኮላርሺፕ እስካገኝ ልጠብቅ? ወይስ ከፍዬ በኦንላይን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰርተፍኬት ልያዝ? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ስኮላርሺፑን አመልክቺ፤ ግን እሱን እየጠበቅሽ አትቀመጪ። የሰርተፍኬቱ ገንዘብ ለጊዜው ኪስሽ ይቆይ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ «የሚያርመኝ የለም» ያልሽው ነው። መጀመሪያ መፍትሔ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ይህ ሙያ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ትምህርት ክፍል የለውም። የሚሠሩበት ሰዎች ከባዮሎጂ፣ ከፊዚክስ፣ ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጡ ናቸው። አውሮፓ ውስጥም ብዙዎቹ እንዳንቺ በየላብራቶሪያቸው ለብቻቸው ነበሩ፤ «እሱ ኮምፒውተር ይችላል» እየተባለ የሁሉም ሰው ምስል የሚቆለልባቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውባያስ የሚባል የአውሮፓ የባዮሎጂ ምስል ተንታኞች ኔትወርክ ተመሠረተና እስከ 2020 ድረስ በየሀገሩ እየተዘዋወረ የሥልጠና ትምህርት ቤቶችን አዘጋጀ። ለጀማሪ ተመራማሪ፣ ማይክሮስኮፕ ለሚያስተዳድር ባለሙያ፣ በሥራው ለቆየ ተንታኝ የሚሰጠው ሥልጠና የተለያየ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ለሥራው ስም ሰጠው። ሰው «ምስል ተንታኝ ነኝ» ብሎ ራሱን ማስተዋወቅ የጀመረው እንዲህ ሲሰባሰብ ነው። ኮቪድ ሲመጣ ትምህርቶቹን ወደ ኦንላይን አዞሩት፤ ቅጂዎቹ ዛሬም ዩቲዩብ ላይ በነፃ ይገኛሉ።

ሰው ለምን እንደሚያስፈልግሽ ከራስሽ ሥራ ላሳይሽ። በቲክ ፊልም (በወፍራም የደም ቅብ) ላይ የወባ ተህዋስያንን የምትቆጥሪው ከ200 ነጭ የደም ሕዋሳት አንጻር ነው። ያገኘሽውን በ8,000 (በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ አለ ተብሎ በሚታሰበው የነጭ ሕዋስ ብዛት) አባዝተሽ ለ200 ስታካፍዪ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ያለው መጠን ይወጣል። አሁን ይህንኑ ለሶፍትዌር ስጪው። ሁለት ነጭ ሕዋሳት ተነካክተው ካገኛቸው እንደ አንድ ሊቆጥራቸው ይችላል። ስላይዱ የሚቀባበት የጊምሳ ቀለም ዝቃጭ ነጠብጣብ ደግሞ ተህዋሲ መስሎት ይደምረዋል። የመጀመሪያው ስህተት አካፋዩን ያሳንሰዋል፤ ሁለተኛው ተካፋዩን ያሳድገዋል። ስለዚህ አይካካሱም፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ይገፋሉ። የታካሚው የወባ መጠን ካለው በላይ ሆኖ ይወጣል። ሶፍትዌሩ ደግሞ «ተጠራጥሬያለሁ» አይልሽም፤ ቁጥሩን በሠንጠረዥ አሳምሮ ያስቀምጥልሻል።

ፊጂ በሚባለው የምስል መተንተኛ ፕሮግራም ላይ የተነካኩ ሕዋሳትን የሚለይ ዋተርሼድ የሚባል ትዕዛዝ አለ። እሱም ቢሆን ቅርጹ የጎበጠ አንድ ሕዋስ ሲያገኝ ለሁለት ይቆርጠዋል። የትኛው ቁርጥ ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው ስላይድ ያየ ዐይን ነው፤ ያ ዐይን አንቺ ጋር አለ። ትዕዛዙ ለምን እንደዚያ እንደሚቆርጥ የሚያውቀው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተገናኙ ስህተቱ ማንም ሳያየው ያልፋል። ሰርተፍኬቱን ያልወደድኩትም ለዚህ ነው፤ የራስሽን ስላይድ አይቶ የሚያርምሽ ሰው አይሰጥሽም።

ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ሰው ፈልጊ። አንድ ከላብራቶሪ፣ አንድ በአቅራቢያሽ ካለ ዩኒቨርሲቲ ከኮምፒውተር ወይም ከስታትስቲክስ፣ ቢገኝ አንድ ከፓቶሎጂ። አሠራሩ እንደ ዕቁብ ይሁን፦ በየሳምንቱ ተራው የደረሰው ሰው የራሱን ምስል ይዞ ይመጣል፣ ሌሎቹ ሲተነትን ያዩታል፣ ይጠይቁታል። ትምህርት የሚሰጥ «አስተማሪ» አትፈልጉ። ተራ የደረሰው ሰው ምን እንደሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስረዳት አለበት፤ እዚያ ላይ ነው ሁሉም የሚማረው። የዩቲዩቡን ትምህርት አንዳችሁ ዋይፋይ ካለበት አውርዳችሁ በፍላሽ ተካፈሉት፤ የሁላችሁም ፓኬጅ ማለቅ የለበትም።

ፊጂ ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት በተራ ላፕቶፕ ይሠራል። መሠረቱ ኢሜጅ ጄ የሚባለው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተሠራ ፕሮግራም ነው። ሴልፖዝን የመሳሰሉ ሕዋስን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለዩ መሣሪያዎችም በነፃ ይገኛሉ። ወደነሱ ከመሄድሽ በፊት ግን በእጅሽ ቆጥረሽ ከፕሮግራሙ ውጤት ጋር ማወዳደርን ልማድ አድርጊው።

አንድ ነገር ሳልረሳው፦ ምስል በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላላኩ፤ ተጨምቆ ጥቃቅኑ ዝርዝር ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኩት። ስታስቀምጪም ቲፍ (TIFF) በሚባለው የፋይል ዓይነት ይሁን እንጂ እየጨመቀ በሚያስቀምጠው በጄፔግ (JPEG) አይሁን።

መለማመጃ ምስል ከሌላችሁ አሜሪካ ያለው ብሮድ ኢንስቲትዩት በነፃ የሚለቃቸው ስብስቦች አሉ። ከመካከላቸው ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተህዋሲ ያለባቸው የደም ቅቦች ይገኙበታል፤ ከብራዚልና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የተሰበሰቡ 1,364 ምስሎች ናቸው፤ ሕዋሳቱም በባለሙያ ተለይተው ስም ተሰጥቷቸዋል። ቫይቫክስ እኛም ጋር ስላለ ለናንተ በጣም ተስማሚ ነው። ከሠራችሁ በኋላ የናንተን ውጤት ከባለሙያዎቹ ጋር ማነጻጸር ትችላላችሁ። ይህም ራሱ እርማት ነው።

ቡድኑ ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ በሩን ወደ ውጭ ክፈቱት። ግሎባያስ የሚባል ዓለም አቀፍ የምስል ተንታኞች ማኅበር አለ። ለአህጉራችን ደግሞ የአፍሪካ ባዮኢሜጂንግ ጥምረት እና ማዕከሉ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ያለው የአፍሪካ ማይክሮስኮፒ ኢኒሼቲቭ አሉ። የሥልጠና ጥሪ ሲያወጡ የጉዞና የማረፊያ ወጪ ይሸፍኑ እንደሆነ አስቀድመሽ አንብቢ፤ ካልተጻፈ በኢሜይል ጠይቂ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። በማመልከቻሽ ላይ «መማር እፈልጋለሁ» ከማለት ይልቅ «እንዲህ ያለ ቡድን አለን፣ እነዚህን ምስሎች ተንትነናል፣ እዚህ ላይ ተቸግረናል፣ ተመልሼ ለእነዚህ ሰዎች አካፍላለሁ» ብለሽ ጻፊ። ሥልጠና የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ወንበር ሰጥቶ አራት ሰው ማሠልጠን ደስ ይለዋል።

ስለ ሥራው ደግሞ ልንገርሽ። እኛ ሀገር «የምስል ተንታኝ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። እንጀራው የሚገኘው በምርምር ፕሮጀክት ውስጥ ነው። እንደ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ያሉ ተቋማትና ዩኒቨርሲቲዎች በወባ፣ በቲቢ፣ በሊሽማንያ ላይ ይሠራሉ። ሁሉም ዘንድ ማይክሮስኮፕ አለ፤ ማይክሮስኮፕ ካለ የሚቆጠር ነገር አይጠፋም። የምርምር ረዳት ሆነሽ ግቢና ትንተናውን የራስሽ አድርጊው። ሲቪሽ ላይ የሶፍትዌር ስም ከመደርደር አንድ የጨረስሽውን ሥራ አስቀምጪ፦ ጥያቄው፣ ምስሉ፣ የሄድሽበት መንገድ፣ ከእጅ ቆጠራ ጋር ያለው ልዩነት። ልዩነቱን አትደብቂው። እኔ ቀጣሪ ብሆን ገና መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

የሆስፒታልሽን ስላይዶች ለቡድኑ ከማውጣትሽ በፊት ግን ለላብራቶሪ ኃላፊሽ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ለምርምር ከሆነ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልግሻል። የታካሚ ስምና የካርድ ቁጥር በፋይል ስም ላይም ሆነ በስላይዱ ጠርዝ ፎቶ ላይ እንዳይታይ ተጠንቀቂ። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ በብሮዶቹ ምስሎች ጀምሩ።