መዶሻ ሊወረውር ሄዶ ቅኔ ያሰማው አትሌት፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ጆርጅ ስቱዋርት ሮበርትሰን አንስቼ ነበር። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበረ እንግሊዛዊ መዶሻ ወርዋሪ ነው። መዶሻ የሚባለው እዚህ እጀታ ያለው ከባድ የብረት ኳስ ነው። ጥያቄ ስለበዛ እነሆ መልሴ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ ማን ነበር?
መ፦ በ1872 ተወለደ። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጥንታዊ ግሪክኛ ተማረ። ከካምብሪጅ ጋር በሚደረገው ውድድርም መዶሻ ይወረውር ነበር።

ጥ፦ አቴንስ ምን ወሰደው?
መ፦ የ1896ቱ ኦሎምፒክ። ግሪክኛ ለተማረ ሰው ይህ እንዴት ይቀራል! ግን ሲደርስ መዶሻ ውርወራ የሚባል ውድድር የለም። መዶሻው ኦሎምፒክ የገባው ከአራት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ነው። እሱም ዝም ብሎ አልተመለሰም፤ ዲስከስ (ክብ ዝርግ ዲስክ መወርወር) ገባ። 25.20 ሜትር ወረወረ። አሸናፊው አሜሪካዊ ሮበርት ጋሬት 29.15 ነበር።

ጥ፦ 1896? የዓድዋ ዓመት አይደል?
መ፦ ነው እንጂ። ጨዋታው የተከፈተው ከዓድዋ ድል አንድ ወር ከምናምን በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው።

ጥ፦ ሜዳሊያ አላገኘም?
መ፦ በቴኒስ ጥንድ፣ ከአውስትራሊያዊው ኤድዊን ፍላክ ጋር፣ ሦስተኛ ተብሎ ተመዝግቧል። የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ አለፉ፤ በግማሽ ፍጻሜው ተሸነፉ። በቃ።

ጥ፦ ቅኔውስ?
መ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! በመዝጊያው ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ራሱ የደረሰውን ግጥም በጥንታዊ ግሪክኛ አሰማ። ስልቱ የፒንዳር ነው። ፒንዳር ከክርስቶስ ልደት በፊት የኦሎምፒያን አሸናፊዎች ያወድስ የነበረ ባለቅኔ ነው። እስቲ አስቡት፦ አንድ የውጭ አገር ወርዋሪ አዲስ አበባ ስታዲየም መጥቶ በግዕዝ ቅኔ ቢዘርፍ ምን ይሰማን ነበር? የግሪኩ ንጉሥ ጊዮርጊስም ሸለሙት። እኔ ይህን ከየትኛውም ሜዳሊያ አስበልጣለሁ።

ጥ፦ ያኔ አማተር ማለት ምን ነበር?
መ፦ ለገንዘብ የማይወዳደር ማለት ነው፤ ኦሎምፒኩም በመሠረቱ የአማተሮች ነበር። ያማረ ቢመስልም ብዙ ሰው በድሏል። በ1860ዎቹ የወጣው የእንግሊዝ ደንብ የእጅ ባለሙያውንና የጉልበት ሠራተኛውን ጭምር ያግድ ነበር። በ1880 የተመሠረተው የአማተር አትሌቲክስ ማኅበር ይህን ቢተወውም፣ በገንዘብ የተወዳደረ ሰው እንደታገደ ቀረ። ስኮትላንዳዊው ዶናልድ ዲኒ ስመ ጥር ወርዋሪ ነበር። ግን በውርወራው ገንዘብ ስላገኘ ከአማተሮች ጋር መሰለፍ አይችልም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለሮበርትሰን በሩ ክፍት የሆነው ጉልበት ስላለው ብቻ አይደለም።

ጥ፦ መጨረሻውስ?
መ፦ ጠበቃ ሆነ፤ በኋላም ሰር ተባለ። በ1967 በ94 ዓመቱ አረፈ።