መልስ፦ በየቀኑ በሳሙናና በሎሚ እየታጠብሁ ሽታው ለምን ባሰብኝ?

የብልትሽን ውስጥ በሳሙናም ሆነ በሎሚ መታጠብሽን ዛሬውኑ አቁሚ፤ ያባሰብሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ብልት ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ እያመረቱ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ከ3.8 እስከ 4.5 ያቆዩታል፤ የገላ ሳሙና ግን አብዛኛውን ጊዜ 9 ወይም 10 ነው። ሎሚም ያቃጥላል እንጂ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች አይተካም። ውጭውን ብቻ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ።

የደብረ ማርቆስ ክረምት ልብስ እንደማያደርቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ስፌቱ ላይ እርጥበት የቀረውን የውስጥ ሱሪ አትልበሺ፤ ምድጃ አጠገብ ይሰቀል ወይም በካውያ ይተኮስ።

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ፣ ጓደኛዋን ያዳናትን እንክብል የምትጠይቀኝ ሴት ብዙ ናት። እንክብሉ አንቲባዮቲክ ከሆነ ግን ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ስለሚገድል ፈንገስ ሊያስነሳ ይችላል። የዓሣ ዓይነት ሽታ፣ አረንጓዴ ፈሳሽ ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ካለሽ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ተመርመሪ፤ ነፍሰ ጡር ከሆንሽማ ነገ አትበዪ።